ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር

ትምህርት ቤቱ ከቤታችን ሃያ ሁለት ማይል ይርቃል። የተማሪዎቹ አውቶቡስ ባለፈው ግንቦት ወደ እኛ አቅጣጫ መምጣቱን አቆመ፤ በመንገዱ ላይ የቀረችው ተማሪ ልጄ ዴላ ብቻ ነበረችና። እኔ የምሠራበት የአፈር ምርመራ ክፍል ደግሞ በተቃራኒው በኩል ነው። በእኛ አገር የገጠር ልጅ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤት ደርሶ ለመመለስ ብቻ የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ ያገኛል። ዴላም ፈተናውን አልፋ ወረቀቷን በሐምሌ ተቀብላለች። የቀረው መኪና ነበር። መኪና ካልተገኘ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች፤ ቤት የምትመጣው ቅዳሜና እሁድን ብቻ ይሆናል።

አክስቷ ዘንድ እንድትሄድ አልፈለግኩም። እንድትነዳም አልፈለግኩም። አባቷ ሮይስ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ነው የቀረው። ስለዚህ ነገር በቤታችን ብዙ አይወራም።

የእህል መሸጫው በር ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየን፤ «አሮጌ መኪና። ትሄዳለች። አርሊን ኮቫሪክ» ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አርሊን ግቢ የሄድኩት እንከን ፍለጋ ነው። እንከን ካገኘሁ እምቢ የምለው መኪናዋን እንጂ ልጄን አይሆንም።

እንከን ለማግኘትም አልደከምኩም። መኪናዋ ድሮ ወይን ጠጅ የነበረች ረጅም የቤት መኪና ናት። ከእህል ጎተራው ጀርባ ስድስት ዓመት ስትቆም የጣሪያዋ ቀለም ፀሐይ እንደ ላጠው ቆዳ ተገሽልጧል፤ በፊት መከላከያዋ ቀዳዳ አረም በቅሎ አብቧል። አርሊን ባትሪና ጎማ ቀይራ ጠብቃናለች። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሟች ባሏን ቆብ ታደርጋለች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ወይዘሮ ኮቫሪክ» አለች ዴላ።

«ወይዘሮ ኮቫሪክ አማቴ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። እኔ አርሊን ነኝ። ጎማ መቀየር ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ከእናትሽ ትሻያለሽ። እሷ አንድ ቀን መንገድ ዳር ጎማ ተንፍሶባት፣ ክሪኩን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማ ነው ያገኘኋት።»

«ያኔ ገና ሙሽራ ነበርኩ» አልኩ።

«የሙሽራም ጎማ ይተነፍሳል።»

ኮፈኑን ከፈተችው። አይጦች የአየር ማጣሪያውን ሳጥን እስከ አፉ በስንዴ ሞልተውታል። አንድ በአንድ የተለቀመ፣ ገለባ የሌለው፣ ንጹህ ስንዴ ነው። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። አንድ አይጥ በአፉ ስንት ፍሬ ይይዛል? ስንት ጊዜስ ተመላልሶ ይሆን? አርሊን በእፍኟ እየዛቀች ለዶሮዎቿ በተነችላቸው።

እኔ ግን እንከኔን አልረሳሁም። የሾፌሩን በር ከፍቼ አየሁ። የፊተኛው ወንበር እንደ አግዳሚ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው። የቀኙ በኩል አልቆ ሽቦው ብቅ ብሏል። በግራ፣ ከመሪው ኋላ ያለው ግን ትናንት ከሱቅ የወጣ ይመስላል። ቆጣሪው ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ ሺህ ማይል ይላል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይ ቆጣሪው ይዋሻል ወይ ወንበሩ» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

አርሊን ሳቀች። «ሁለቱም አልዋሹም። እኔ የምቀመጠው እዚህ ነው» ብላ የተቀደደውን መታ መታ አደረገችው።

ያን ጊዜ ገባኝ። አርሊን ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ፖስተኛችን ነበረች። የገጠር ፖስተኛ በገዛ መኪናው ነው የሚሠራው። በየቤቱ ደጃፍ የተተከሉት የፖስታ ሳጥኖች በመንገዱ ቀኝ ስለሆኑ ቀኝ ተቀምጦ፣ ግራ እግሩን ወደ ፍሬኑ ዘርግቶ፣ በግራ እጁ መሪውን ይዞ ይነዳል። ይህንን አውቅ ነበር፤ ግን ፖስታ ስታድል ከአርሊን ያየሁት ከመስኮት የሚወጣ አንድ ክንድ ብቻ ነው።

«ያንቺንም ደብዳቤ ያመላለስኩት በዚህችው ነው» አለችኝ። «ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ። ለሮይስ፣ በሳምንት ሁለት። ሰማያዊ ፖስታ።»

ዴላ ዞር ብላ አየችኝ። «በሳምንት ሁለት?»

«ሞተሩን ያስነሱልን» አልኩ።

ሞተሩ ሁለቴ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ እኩል መምታት ጀመረ። አርሊን በቀኝ በኩል ገባች፤ እኔና ዴላ ከኋላ ተቀመጥን። ከግቢው ወጥተን በአሮጌው የፖስታ መስመሯ ወሰደችን። ሾፌር በሌለበት መሪ ኋላ መሄድ ያስፈራል። የመጀመሪያው ሳጥን ጋ ስንደርስ እጇን አወጣች፤ መኪናዋ ስትቆም መዳፏ ሳጥኑ ላይ ነበር። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ጋ ስንቃረብ ዴላን በመስታወት እያየች ታወራ ነበር፤ ወደ መንገዱ ዳር ዞርም አላለች። መዳፏ ግን ሳጥኑ ክዳን ላይ አረፈ።

«እንዴት አወቁት?» አለች ዴላ በሹክሹክታ።

«እኔ አይደለሁም የማውቀው፤ ትከሻዬ ነው። ነይ፣ ተራሽ ነው። በሰው ወግ በግራ ተቀመጪ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የነዳ ማንም የለም፤ ያንቺ ነው።»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ቃሉን ሳዘጋጅ ልጄ ተቀምጣ ቀበቶዋን አስራለች።

አንድ ማይል በደንብ ሄደች። ከዚያ የመንገድ መደልደያው ማሽን መሃል ላይ ከምሮት የሄደው ጠጠር መጣ። የፊት ጎማው ገባበት፤ ወዲያው የመኪናዋ ጅራት ወደ ቦዩ መንሸራተት ጀመረ። ሮይስ ፍሬን ረግጦ ነበር። ከፖሊሱ ወረቀት ያነበብኩት እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።

«እግርሽን አንሺ» አለች አርሊን፣ ጨው አቀብዪኝ እንደምትል ባለ ድምፅ። «ዓይንሽ መሄድ የምትፈልጊበት ይሁን። እጅሽ ራሱ ይከተላል።»

ልጄ አልረገጠችም። ከኋላ የአንገቷን ሥር አየዋለሁ፤ ገና የሕፃን ፀጉር አለበት። ቦዩን አላየችውም። ሩቅ አየች፣ መሪውን ጥቂት መለሰች፣ ጠብቃ እንደገና ጥቂት መለሰች። ያ ሁሉ ብረት እንደ ተገራ ፈረስ ቀና ብሎ መሃል መንገድ ላይ ገባ። ይህን ከየት አመጣችው? ከእኔ አይደለም። የሷ እጆች መሪው ላይ ጸጥ ብለዋል። የወለድኩትን ሰው በዚያ ጠዋት ገና ያየሁት መሰለኝ።

ጥግ ይዛ አቆመች።

«ስንት ነው?» አልኩ በመጨረሻ።

«ዘጠኝ መቶ ዶላር ብዬ ነበር» አለች አርሊን። «ስንዴውን ዶሮዎቼ ስለበሉት ስምንት መቶ ሃምሳ።»

ሰኞ ትምህርት ተከፈተ። ዴላ ቁልፉን አንስታ፣ «እማ፣ ደግሞ ከኋላ በፒክአፕ እንዳትከተዪኝ» አለችኝ። «ጓደኞቼ ያዩሻል።»

«ሥራ አለብኝ» አልኳት።

ከግቢው እንደ ወጣች ከቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ በሥራ ጫማዬ ሮጬ ወጣሁ። ከዚያ ላይ መንገዱ ሰባት ማይል ያህል ይታያል። መኪናዋ አትታይም፤ የሚታየው አቧራዋ ነው። ነፋስ አልነበረም። አቧራው ነጭ ሆኖ ከኋላዋ ይነሳና እዚያው በአየር ላይ ይቆያል፤ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ከመሬት እስከ ሰማይ የተዘረጋ ሸማ ይመስላል። ጫፉ ወደ ፊት ይሄዳል። ሮይስ የቀረበት መታጠፊያ ጋ ሲደርስ አቧራው ቀጠነ፤ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ዝግ ብላለች ማለት ነው። ከዚያ ከመታጠፊያው ማዶ እንደገና ወፈረ፣ ተነሳ፣ በስንዴው ማሳዎች መሃል ወደ ሰሜን ቀጠለ።

ጫፉን ሳየው ቆየሁ። እንዲያ ያለ ትልቅ ነገር ወደ ሰማይ ያነሳችው አንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። የመጨረሻው አቧራ ማሳው ላይ እስኪወርድ ድረስ ከኮረብታው አልወረድኩም፤ ሥራም አርፍጄ ገባሁ።