የዓርቡ ቪዲዮ

ሰፊያ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ «ሶብሩን ይስጥሽ» የሚሏትን ሴቶች እጅ ስትጨብጥ፣ የማታውቃቸው ስድስት ልጃገረዶች ተያይዘው ገቡ። አንዷ የቬትናም፣ ሁለቱ የሜክሲኮ ዘር ይመስላሉ፤ ሌሎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ሻርፕ ለብሰው የማያውቁ መሆናቸው ከአደራረጋቸው ያስታውቃል። ከትናንቱ የልጇ ቀብር ጀምሮ ዩለስ ከተማ ያለችውን ጠባብ አፓርትመንት የወሎ ሰው ሞልቷት ነበር፤ ሁሉም ወሬውን አቁሞ አያቸው።

«የማን ለቅሶ ብለው ነው የመጡት?» ብላ አንሾካሾከች የባሏ እህት ሳጂዳ።

ከኋላቸው ሃይሚ ገባች። ሃይሚ ዋይሊ የሚባለው ከተማ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ከሰፊያ ልጅ ከሁመይራ ጋር ኮሌጅ ተዋውቀው ነው የተወዳጁት። ትናንት መስጊዱ ፓርኪንግ ላይ ብቻዋን ቆማ ስታለቅስ ሰፊያ አይታታለች።

«አንቲ፣ እነዚህ የሁመይራ ሰዎች ናቸው» አለቻት አጠገቧ ተንበርክካ። «ይቺ ከሂውስተን ነድታ መጣች። ቻናሏን የሚያዩ ናቸው።»

«የምን ቻናል?»

ሃይሚ ዞር ብላ ልጆቹን አየች። እናትየዋ አለማወቋን ከእነሱ ልትደብቅላት የፈለገች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ የኮሪያዎቹን ቪዲዮ አስታወሰቻት። ለካ ሰፊያ ያልሰማችው ነገር አልነበረም፤ ያላዳመጠችው እንጂ።

ሁመይራ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጠዋት ኤርፖርት ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፣ ከሰዓት ትማራለች፣ ቤት ስትገባ መኝታ ቤቷን ዘግታ በእንግሊዝኛ ብቻዋን ታወራለች። ሰፊያ መጀመሪያ ወንድ መስሏት በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ ታውቃለች። ሁመይራ ከፍታ ስታገኛት ሳቀች፤ የዘፈን ቪዲዮ እያብራራች እንደሆነ ነገረቻት። አምስት የኮሪያ ወጣቶች ናቸው፤ የዘፈኖቻቸው ቪዲዮ ሁሉ ተቀጣጥሎ አንድ ታሪክ ይወጣዋል። ግን ታሪኩን በግልጽ አይናገሩትም። አንድ ድልድይ፣ አንድ የተጻፈ ቀን፣ አንድ የተቀደደ ትኬት አሳይተው ያልፋሉ፤ ቀሪውን የሚፈታው ተመልካቹ ነው። ሁመይራ ከሚፈቱት አንዷ ነበረች።

ሰፊያ ያን ቀን የአውሮፕላን ምግብ ስታሽግ ውላ እግሯ አብጦ ነበር። «መጀመሪያ የራስሽን ታሪክ ፍቺ» አለቻት። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ስለ ቪዲዮው ብዙም አላወራቻትም።

የእንግዶቹ ወሬ ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ጎረቤት ቤት ለመድረስ አልቆየም። የሁመይራ አባት ሙሄዲን መጥቶ ሃይሚን ኮሪደር ላይ ጠራት። አልተቆጣም። ልጁ አፈር ውስጥ ሆና በስሟ ሙዚቃ ሲከፈት፣ በተከፈተ ቁጥር ወንጀሉ እሷ ላይ እንዳይጻፍ እንደሚፈራ ነገራት። የይለፍ ቃሉን የምታውቅ ከሆነ ቻናሉን ዛሬውኑ እንድትዘጋው ለመናት። ሃይሚ ታውቀዋለች፤ ቪዲዮዎቹን አብራት ትቆርጥ የነበረችው እሷ ናት። አባቷን የሚያህል ሰው ሲለምናት እንቢ ማለት አቃታት።

«መጀመሪያ እኔ ልያት» አለች ሰፊያ ከፍራሹ ተነስታ።

ሁመይራ መኝታ ቤት ገቡ። ስድስቱም ተከትለው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ሃይሚ ላፕቶፑን እየከፈተች አርባ ሦስት ሺህ ሰው ይከታተላታል አለች። ከዚያ ሁመይራ ብቅ አለች፤ ይህንኑ አልጋ ተደግፋ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ እየሳቀች። ሰፊያ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። የሷ እንግሊዝኛ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው፤ ሁመይራ ስትፈጥን ከሦስት ቃል አንዱን ብትይዝ ነው። የገዛ ልጇን ለመስማት አስተርጓሚ አስፈለጋት።

አራተኛው ቪዲዮ ላይ ሁመይራ «ሱፍያን» የሚል ስም ጠራች።

ሰፊያ የሃይሚን ክንድ ጨበጠች። «ምን አለች? ወደ ኋላ መልሺው።»

ሃይሚ መለሰችው። በታሪኩ ከአምስቱ ጓደኞች አንዱን ጎርፍ ይወስደዋል፤ ሬሳው አይገኝም፤ የቀሩት ግን ምግብ በቀረበ ቁጥር የሱን ሳህን ይሞሉለታል። ተከታታዮቹ ልጁ በሕይወት አለ ማለት ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። ሁመይራ አይደለም አለቻቸው። የእናቷን ወንድም ሱፍያንን ኮምቦልቻ ላይ ቦርከና ሞልቶ እንደወሰደው፣ አያቷም ዓመት ሙሉ ድርሻውን ከትሪው ጥግ ትተው ይነሱ እንደነበር ነገረቻቸው።

«ይመጣል ብላ አይደለም፣ ትላለች» አለች ሃይሚ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ማለቴ... ከተበላ ያልቃል። ሶ፣ እንዳያልቅ ነው።»

ሰፊያ ይህን የነገረቻት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁመይራ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ፀጉሯን ስትሠራት። ልጅቷ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ስለነበር የሰማቻት አልመሰላትም። አሁን አርባ ሦስት ሺህ ሰው ወንድሟን ያውቀዋል።

የሂውስተኗ ልጅ በዝግታ አንድ ነገር ጠየቀች። ሃይሚ ለመተርጎም አመነታች። የኮሪያዎቹ የመጨረሻ ቪዲዮ የወጣው ባለፈው ሰኞ ነው። ፍጻሜውን ማንም አልፈታውም። ሁመይራ ዓርብ አብራራዋለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር፤ ዓርብ ቀበሯት።

«መጀመሪያ ለእናቴ ነው የምነግራት ብላ ጽፋለች» አለች ሃይሚ። «ነግራሻለች ወይ ነው የምትለው።»

ረቡዕ ነበር። ሁመይራ ላፕቶፑን ታቅፋ ሳሎን መጣችና፣ «አራት ደቂቃ ብቻ፣ እማ። አንቺም አለሽበት» አለቻት። ሰፊያ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም። በነጋታው ጠዋት ዝናብ ጣለ። ሁመይራ ወደ ሥራ ስትሄድ ሀይዌይ ላይ አንድ ፒክአፕ ተንሸራቶ መታት።

«ልትነግረኝ መጥታ ነበር» አለች ሰፊያ። «ነገ አልኳት።»

ሃይሚ ይህን አልተረጎመችውም። ሰፊያ ተነስታ መሳቢያውን ጎተተችው። ደብተሮቹን አንድ በአንድ አራገፈች፣ ትራሱን ገለበጠች፣ የጃኬቶቹን ኪስ ሁሉ ዳበሰች። ጽፋው ይሆናል፣ የሆነ ቦታ ጽፋዋለች እያለች የባዮሎጂ ማስታወሻዎችን ወደ ብርሃን አስጠግታ፣ የማታነበው የልጇ ፈጣን ጽሑፍ ላይ ታፈጥ ጀመር። ልጆቹም አብረዋት ተንበርክከው ፈለጉ። ከሥራ ሰዓት ዝርዝርና ከፈተና ጥያቄ በቀር ምንም አልተገኘም። ሳጂዳ ጫጫታውን ሰምታ መጥታ ከኋላዋ እስክታቅፋት ድረስ አልተወችም።

ሙሄዲን ሲገባ ሌሎቹ ወጡላቸው። ሼኩን ኮል አድርጎ ነበር፤ ንግግሯ ችግር የለበትም፣ ሙዚቃው ነው ብለውታል። ሃይሚ ደግሞ ሙዚቃው በየቪዲዮው ከድምጿ ሥር ስለተቀላቀለ መለየት እንደማትችል ነግራዋለች፤ የሱፍያን ታሪክ ያለባት ሁለት ደቂቃ ብቻ ንጹህ ናት።

«ድምጿ ነው፣ ሙሄዲን» አለችው ሰፊያ። «ሌላ ምን አለኝ?»

«እኔስ ምን አለኝ?» ወለሉ ላይ የተበተኑትን ደብተሮች እያየ ተቀመጠ። «ያጠቧት ሴቶቹ ናቸው። አፈሩንም ልመልስ ስል አቃተኝና አካፋውን ወሰዱብኝ። ለልጄ የማደርግላት ይቺው ቀረችኝ።»

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ሲለምናት አይታው አታውቅም። ፊቱን ማየት አልቻለችም። እሷ ልጇን አንድ ቀን አስጠብቃታለች፤ እሱን ምን ብላ ታስጠብቀዋለች?

ሃይሚን ጠርታ «ዝጊው» አለቻት።

ሃይሚ ሁለቱን ደቂቃ ሰፊያ ስልክ ላይ ጫነች። ከዚያ ቻናሉን ለማጥፋት ስትጫን እርግጠኛ ናችሁ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። እርግጠኛ የሆነ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሙሄዲን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ሰፊያ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ስክሪኑ ነጭ ሆኗል።

ሃይሚ ሳሎን ላሉት ልጆች ነገረቻቸው። ማንም አልተከራከረም፤ የቬትናሟ ልጅ ብቻ ስልኳን አውጥታ ቻናሉን ደጋግማ ፈለገች፣ ከዚያ መልሳ ከተተችው። ሰፊያን ተራ በተራ አቅፈው ተሰናበቱ።

ሰፊያ እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው። የየካቲት ነፋስ ፓርኪንጉን እየጠረገ ያልፋል። ሌሎቹ ወደ መኪናቸው ወረዱ። የሂውስተኗ ልጅ የአራት ሰዓት መንገድ ይጠብቃታል፤ ጃኬቷ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ቆመች። ሰፊያ ጎንበስ አለችና የጃኬቱን ዚፕ ከታች አገናኝታ፣ ቀስ ብላ እስከ አገጯ ድረስ ዘጋችላት። ከዚያ የዚፑን ጫፍ እንደያዘች ቀረች፤ ልጅቷም እጇን እስክትለቅላት ድረስ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀቻት።