በመሪው ሥር የተቆረጠው ሽቦ

ክላክሱ አልጮኸም። ትናንት ነዳጅ ሞልቶ ሲመለስ፣ ብስክሌተኛው ከኩርባው ድንገት ብቅ ሲልበት የመሪውን መሃል በመዳፉ መታው፣ ምንም፣ ደግሞ መታው፣ ትራስ የመታ ያህል፣ ሰውየው በመኪናው ጎንና በቦዩ መካከል ለጥቂት ተረፈ፣ ዞሮ አየው እንጂ አልተሳደበም፣ ቢሳደብ ይሻል ነበር። ዛሬ ደግሞ የገደሉ መንገድ አለ። ኩርባው አያልቅም፣ ክላክስ ሳያደርጉ አንዱንም አይዞሩትም፣ ከገደሉ ታች የእሱና የሚስቱ ልጅ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀን እየቆጠረች ነው፣ እማዬ ሳትመጣ አልወልድም ብላለች በስልክ፣ ለሆዷ ቀጠሮ የሰጠችው ይመስል።

አትደናገጥ። በቅደም ተከተል። ዕድሜህን ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ስትሠራ ኖረህ አንድ ክላክስ ያቅትሃል? መጀመሪያ ፊውዙ። ነቅሎ ወደ ብርሃኑ ያነሳዋል፣ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ አልተበጠሰም፣ ይመልሰዋል። ኮፈኑን ይከፍታል፣ ከባትሪው ሁለት ሽቦ ስቦ ክላክሱን በቀጥታ ይነካዋል፣ እንዴት ያለ ጩኸት፣ ጣራው ላይ ያሉት ወፎች ሁሉ ብድግ ይላሉ።

ሚስቱ በመኪናው የኋላ በር ብቅ ትላለች፣ አልጋና ምድጃ ያለው እዚያ ነው፣ ከጠዋት ጀምራ ስታነጥፍና ስትደረድር ነበር፣ ምን ሆንክ፣ ምንም፣ አሮጊቷን እየመረመርኩ ነው፣ ማንኛችንን፣ ትላለች ብርድ ልብሱን እያጠፈች። መሳቅ አለበት። ይስቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ኖራ ሲስቅና ሲያስመስል ለይታ ታውቃለች፣ ብርድ ልብሱን ይዛ ወደ ውስጥ ትመለሳለች።

ክላክሱ ደህና። ፊውዙ ደህና። እንግዲህ ችግሩ መሃል ላይ ነው፣ መሪው ሥር። በጀርባው ይተኛል፣ እግሮቹ በበሩ ወደ ውጭ፣ የእጅ ባትሪው በጥርሱ። ድሮም እንዲህ ነው የሚተኛው፣ የጋራዡ ሲሚንቶ አጥንት ድረስ ይቀዘቅዝ ነበር፣ ታላቅ ወንድሙ፣ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደገው፣ ሙያውንም ያስተማረው፣ ከበላዩ ቆሞ፣ ምን ትጠብቃለህ፣ ሽቦው ራሱ መጥቶ እንዲስምህ ነው? አይስቅም ነበር ሲናገር። ሕጉም አንድ ነበር፣ ሽቦ ከቆረጥክ መሪው ላይ ቀይ ክር ታስራለህ፣ ክሩ እያለ ማንም መኪናውን አያንቀሳቅስም፣ ክሩን የሚፈታው ሽቦውን መልሶ የቀጠለው ሰው ብቻ ነው። አንድ ቀን ረሳ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ዳቦ የምታመላልስ መኪና፣ የፍሬን መብራቷ። ወንድሙ ያንኑ የተቆረጠ ሽቦ አጥፎ መዳፉን ገረፈበት፣ ሳይጮህ፣ ሳይቆጣ፣ እየቆጠረ፣ ቁስሉስ ዳነ፣ ቆጠራው ነው እስካሁን የሚሰማው። ከዚያ ወዲህ ረስቶ አያውቅም። አርባ ስድስት ዓመት።

ይኸውና ሽቦው። አልተበጠሰም። ተቆርጧል፣ በፒንሳ፣ ጫፎቹም በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል። ማን አባቱ ነው እዚህ የገባው፣ ማን ቁልፍ ሰጠው፣ ቆይ፣ አብራው እስቲ፣ ፕላስተሩ ሦስቴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ፣ ጫፉ በራሱ ላይ ታጥፎ ለጥፍር መያዣ ቀርቶለታል። እንዲህ አድርገው የሚጠቀልሉ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል።

እጁን ያየዋል። እጁ ያውቃል፣ እሱ አያውቅም።

ይህ ክላክስ፣ ይላል እንደ ዋዛ፣ ከዚህ በፊት ተበላሽቶ ያውቃል እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ትላለች ከውስጥ፣ ክረምት ላይ፣ ያን እሑድ ጠዋት፣ ዝናቡ ገብቶበት በራሱ ጊዜ እየጮኸ ሰፈሩን ሲያምሰው፣ በፒጃማ ሮጠህ ስትቆርጠው ጃንጥላ የያዝኩልህ እኔ አይደለሁም? ልክ ነሽ፣ ይላል፣ ክሩስ? ቀዩ? እሱንማ አስረኸው ነበር፣ ባለፈው ሳምንት ስታጥባት ይሄ ደግሞ ምንድነው ብለህ ፈትተህ ጣልከው፣ እኔማ ሠርተህ የጨረስክ መስሎኝ።

ይሄ ደግሞ ምንድነው። ወንድሙ ፒንሳ በእጁ ይዞ እንዲሁ ብሎ ነበር፣ ያኔ ሳቁበት፣ እርጅና ነው አሉ፣ ከፒንሳው በኋላ የቤቱ መንገድ ጠፋው፣ ከመንገዱ በኋላ የሚስቱ ስም፣ በመጨረሻ እሱን ራሱን አገጩን ይዞ፣ አንተ ልጅ፣ የማን ነህ? ያንተ ነኝ፣ ጋሼ። የእኔ? የእኔስ አንተን አይመስልም።

ሽቦውን ይልጠዋል፣ ያገናኘዋል፣ የተላጠውን ሁሉ ይጠቀልላል፣ ጣቱ አይስትም፣ ተነስቶ መሪውን ይመታል፣ አገር ምድሩ ይሰማል። እልል፣ ትላለች ሚስቱ፣ ዳነች፣ በል እንሂድ! ዝም ብሎ መንዳት ነው። አንድ ክር ነው፣ ሰው መነጽሩን ይረሳል፣ ጃንጥላውን ይረሳል፣ ማን ያውቃል፣ ማንም፣ እሷም አላወቀችም፣ ኩርባው ላይ ግን፣ አንዱ ኩርባ ላይ፣ እግሩ ሥር ያለውን ፍሬን አይቶ ይሄ ደግሞ ምንድነው ቢል፣ አጠገቡ እሷ፣ ታች ልጅቷ። አርባ ስድስት ዓመት ረሳሁ ብሎ ያልተናገረ አፍ ነው። ከባድ ነው።

የአራት ሰዓቱን አውቶቡስ ትደርሽበታለሽ፣ ይላል። ምን? ሠራኸው አይደል እንዴ? ክላክሱስ ሠርቷል። ታየዋለች። መቁረጤን አላስታውስም፣ ክሩን መፍታቴንም፣ አንዱንም። የታጠፈውን ብርድ ልብስ እንደያዘች አልጋው ላይ ትቀመጣለች። እንግዲያው አብረን በአውቶቡስ። አይሆንም፣ እኔ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፣ ዛሬ ካልሄድኩ መቼም አልሄድ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። እስካሁን።

በእግር ይሄዳሉ፣ ሻንጣውን እሱ ይዞ። የአውቶቡሱን መስኮት ከፍታ፣ ስልክህን እንዳትዘጋ፣ እሺ፣ ምሳህን ብላ፣ እሺ፣ ምድጃውን እንዳትረሳ፣ ትላለች፣ ወዲያው አፏን በእጇ ትይዛለች። እሺ፣ ይላታል፣ አልረሳም። ለልጅቷ ምን ልበላት? እውነቱን፣ ከወለደች በኋላ።

አውቶቡሱ ይንቀሳቀሳል። እሷ ሄደች። እሱ ቀረ።