ተጠባባቂ ኃላፊ

«ተሰማን የገደለው ደሳለኝ ነው አሉ» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። አሁን የሚያወሩት ከአጣዬ በጭነት መኪና ተሳፍረው ለመጡ ሁለት ሴቶች ነው። «በስብሰባ መሀል አስነስቶ አዋረደው አሉ። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው! ከዚያ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ወይንሸት አጠገባቸው ሰሌን ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። የሮቢት ሙቀት በእድሩ ሸራ ስር ታምቋል። አባቷ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ እስካሁን አንዲት እንባ አልወጣትም። ሰው «ሐዘኑ አድርቋት ነው» ይላል። እሷ ግን የሰሌኑን ስፌት በጣቷ ትከተላለች።

ስብሰባው ዝግ ነበር። ሰብሳቢው ደሳለኝ ስለሆነ ስሙ ለወሬ ቀረበ እንጂ፣ አባቷን ያዋረደቻቸው እሷ ናት።

አቶ ተሰማ በመንግሥት እርሻው መዝገብ ቤት ሰባት ዓመት «ተጠባባቂ ኃላፊ» ተብለው ኖረዋል። ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ወንበሩ ግን የሳቸው አይደለም። ወይንሸት እዚያው ታይፒስት ነበረች። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ያለውን ትምህርት ያገኘችው የአለቆቿን ደብዳቤ ስትመታ፣ ስህተታቸውን በዝምታ ስታርም ነው። «ቋሚ ኃላፊ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሰው ሁሉ አቶ ተሰማን እንኳን ደስ ያለዎት ማለት ጀመረ። እሷ አመለከተች። የሳቸው ዕድሜ ብቻ ነው፣ ችሎታው የኔ ነው ብላ።

የውይይት ክበቡ ጸሐፊ ደሳለኝ ጠራት። «ችሎታሽን ማን ይክዳል። የጎደለሽ ቆራጥነት ነው። ሐሙስ ሂስና ግለሂስ አለ፤ የሥጋ ዝምድና እንደማይዝሽ አሳዪን።»

ሐሙስ ጠዋት አባቷ ቁርሳቸውን ገፋ አድርገው «ለዚያ ወንበር ብለሽ አትናገሪ» አሏት።

«ለአንቱ እንዲተርፍ?»

«አትናገሪ ብያለሁ።»

«እስቲ ምክንያቱን ይንገሩኛ።»

«የሚነገር ቢሆን ነግሬሽ ነበር።»

ወንበራቸውን የሚጠብቁ መሰላት። ስብሰባው ላይ ተነሳች። ጓድ ተሰማ መዝገቡን ጉያቸው ውስጥ ነው የሚይዙት፤ ይህን ደብዳቤ አይተውታል ወይ ሲባሉ «ባለቤቱ ይጠየቅ» ይላሉ፤ ይህ የድሮው ሥርዓት የቢሮክራሲ አመል ነው አለች። አንድም ጊዜ «አባቴ» አላለችም። ግለሂስ እንዲያደርጉ ሲጠየቁ አቶ ተሰማ ብድግ ብለው ኮታቸውን ቆለፉ።

«የተባለው ልክ ነው» አሉ። «መዝግቤ ዝም እላለሁ።»

ሰው ሳቀ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ደም ብዛቱ ጣላቸው።

ከሰዓት በኋላ ደሳለኝ ራሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። እትዬ በላይነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ግን እሱ እንዲሰማ በሚበቃ መጠን። «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ።»

ደሳለኝ ወይንሸትን አያት። ትናገር እንደሆነ የጠበቀ ይመስላል። እሷ ዓይኗን ወደ ሰሌኑ ስፌት መለሰች። ሊወጣ ሲል ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ስሜን ይጥሩት፤ አይከብደኝም። ሹመትሽን ሰኞ እንጨርሳለን።»

«እሺ» አለች። ድምፅዋ ከጎረቤት ቤት የመጣ መሰላት።

በሠልስቱ፣ ከአባቷ ጋር አስራ አራት ዓመት ምሳ የበሉት የቢሮው ተላላኪ ጋሽ ሳልህ መጡ። «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብለው ተቀመጡ። ንፍሮው ሊቀርብ ሲል ወይንሸት ማንቆርቆሪያውን አንስታ ልታስታጥባቸው ቀረበች።

«ቀብር የሸኘሁ ዕለት እንኳ አላስቀመጡኝም» አሉ እጃቸውን እየዘረጉ። «ቢሮውን ጥረግ፣ ሰኞ አዲሱ ኃላፊ ይገባል ብለው።»

«የቱ ኃላፊ?»

«የመዝገብ ቤቱ ነዋ። የሥራ አስኪያጁ አማች፣ ከደብረ ብርሃን። አልሰማሽም?»

«መቼ ተሾመ?»

«ኧረ ቆይቷል። ደብዳቤውን ከፖስታ ቤት ያመጣሁት እኔው ነኝ። ከዚያ ከሐሙሱ ስብሰባ ሳምንት ይቀድማል። ማስታወቂያው ለደንቡ ነበር የተለጠፈው። እኔ መች አወቅሁ፤ 'ምስጢር' የሚል ማኅተም ነበረበት። አባትሽ ፊቴ ከፈተው፣ አነበበው፣ መዘገበው። ምንድነው ተሰማ ብዬ ብጠይቀው፣ ባለቤቱ ይጠየቅ አለኝ። ያው አመሉን ታውቂው የለ። የማኅተም ነገር ለሚስቱም ነግሮ አያውቅ፣ ነፍሷን ይማርና።»

ወይንሸት ውሃውን ማንቆርቆሯን ቀጠለች።

«ይበቃል ልጄ» አሉ ጋሽ ሳልህ። «ጠርቷል እኮ።»

ማንቆርቆሪያው ባዶ ሆነ። እሷ አሁንም በእጃቸው ላይ እንዳዘነበለችው ነበር፤ እሳቸውም እጃቸውን መሰብሰብ ከበዳቸው።