የይሁኔ ሳህን

አልጣሽና ባሏ ይሁኔ ልጅ አልወለዱም። በስማዳ፣ ከወገዳ ወረድ ብላ ባለች መንደር ገብስና ባቄላ እያረሱ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖሩ። አንድ ሰኔ ይሁኔ ከፈረሰ የድንጋይ ካብ አጠገብ ሲያርስ ማረሻው የሆነ ነገር ነካ። በሬዎቹን አቁሞ በእጁ ቢቆፍር ቀይ የሸክላ ሳህን አወጣ። ጠርዙ ዙሪያውን ጥቃቅን መስቀል ተቀርጾበታል።

«ይህ የኛ ዘመን ሥራ አይደለም» አሉ ሳህኑን ያዩት የደብሩ ቄስ።

ባልና ሚስቱ ግን አጥበው ቆሎ ይበሉበት ጀመር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ይሁኔ ቆላ ወርዶ በንዳድ ሞተ። አልጣሽ በሳህኑ ቆሎ ማቅረቧን አልተወችም። በራሷ በኩል ያለውን ትበላለች፤ የሱን ወገን ሳትነካ ታሳድርና ጠዋት ለዶሮዎቹ ትበትነዋለች።

በ1955 ዓ.ም. ኃይለ ሚካኤል የሚባል የአዲስ አበባ ሙዚየም ሠራተኛ ቅርስ ሲያሰባስብ ከቤቷ ደረሰ።

«እማማ፣ ይህ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው። እዚህ አንድ ቀን ይሰበራል። እኛ ዘንድ ግን ለዘላለም ይቀመጣል።»

«ለዘላለም?»

«ለዘላለም።»

ሰጠችው። ያን ዕለት ቆሎውን በሌላ ወጭት አቀረበች፤ አልበላ አላት።

በሁለተኛው ዓመት አጨዳው ሲያልቅ ስንቋን ቋጥራ በእግሯ ደብረ ታቦር ደረሰች፤ ከዚያም በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባች። በሙዚየሙ ሳህኑ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት አለ። ቤቷ ሳለ ከሚያህለው አነሰባት። ማንበብ ስለማትችል ዘበኛውን ጠየቀችው።

«ምን ይላል?»

«የሸክላ ሳህን፣ ስማዳ።»

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው።»

ኃይለ ሚካኤልን አስጠራችው። ሲያያት ወዲያው አወቃት።

«ልጄ፣ ያገኘው ሰው ስም የለውም እንዴ?» አለችው።

ኃይለ ሚካኤል አቀረቀረ። «አልጠየቅሁዎትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።» ስሙን ከነአባቱ ጠይቋት፣ መስታወቱን ከፍቶ ብዕሩን አወጣና «አቶ ይሁኔ ካሳ ሲያርሱ ያገኙት» ብሎ ወረቀቱ ላይ ጨመረበት። «የእርስዎንስ ስም ልጻፍ?»

«የኔ ምን ያደርጋል? በስሜ የሚጠራኝ እሱ ነበር።»

እስኪዘጋ ድረስ ከመስታወቱ ፊት ተቀመጠች። ዘበኛው ሰዓቱ መድረሱን ሲነግራት አንዴ እንዲያነብላት ለመነችው። ቀስ ብሎ አነበበላት። ከተዝካሩ ወዲህ የባሏን ስም ከሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። አመስግናው ነጠላዋን አጣፍታ ብቻዋን ወጣች።