ሁለት ብጣሽ ወረቀት

«ምን ይላል?» አላት አባቷ፣ ከባርኔጣው ውስጥ ያወጣችውን ብጣሽ ወረቀት እያየ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ፊደል ስለማታውቅ ወረቀቱን መልሳ ሰጠችው።

ራሱ አነበበላት። «ቤት ይላል። ዕጣሽ ነው፣ የኔ ልጅ። ወንድምሽ ይማራል፣ አንቺ ትቀሪያለሽ።» አቅሙ አንድ ልጅ ለማስተማር ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ወረቀት ማንም አልከፈተውም። ወንድሟ ሁለቱንም ለቅሞ ኪሱ ከተታቸው።

ዛሬ የወንድሟ ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሞልተውታል። እሷ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ማን እንደሆነች የጠየቃት የለም።

«ማንም ሳይረዳው፣ በገዛ ጥረቱ እዚህ የደረሰ ሰው!» አሉ የወንድሟ ምክትል የነበሩት። «የለፋ የትም ይደርሳል።»

«እኔስ ለፍቼ የለም፣ ጌታዬ?» አሉ የመሥሪያ ቤቱ ሽማግሌ ዘበኛ። «ሠላሳ ዓመት ለፍቼ ከበሩ አላለፍኩም።»

አንዳንዱ ሳቁን በመዳፉ አፈነ። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ካውያ የገፋችበት ላውንደሪ ትዝ አላት። የወንድሟ ደብተርም ጫማም የወጣው ከዚያ ነበር። ቅር ብሏት አያውቅም፤ ከዕጣ ጋር ማን ይሟገታል? የምትፈራው ዕድለ ቢስነቷ ወደ ልጇ እንዳይተላለፍ ነበር። በዚህ ዕድሜዋ የጎልማሶች ትምህርት የገባችውም ለዚሁ ነው።

ከሰዓት በኋላ የወንድሟ ሚስት ወደ ጓዳ ጠራቻትና የክብሪት ቀፎ ሰጠቻት።

«እትዬ፣ ታሞ ሳለ ነው የሰጠኝ። ‹እህቴ ማንበብ ስትችል ስጫት› አለ። እኔ ምንም አልገባኝም።»

ውስጡ ሁለት ወደ ብጫ የተለወጡ ብጣሾች ነበሩ። አንዱን ዘረጋችና ጣቷን ከሥሩ እየጎተተች አነበበች። «ቤ… ት።» የእሷ ዕጣ። ሌላኛው ‹ትምህርት› ማለት ነበረበት፣ ረዘም ያለ ቃል። ከፈተችው።

ሁለት ፊደል ብቻ ነበር።

ደግማ አነበበችው። ወንድሟ ይህን ያወቀው ገና ማንበብ የጀመረ ጊዜ መሆን አለበት። ስንት እሑድ አብረው ምሳ በልተዋል!

«ምን ይላል፣ እትዬ?»

«ቤት ይላል» አለች። «ሁለቱም።»

ወደ ማታ እንግዶቹ በየመኪናቸው ሄዱ። ሚስትዬውም ልጆቿን ይዛ እናቷ ዘንድ ልታድር ወጣች። ሳሎኑ ውስጥ የወንድሟ ኮት ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ኮሌታው ተጨማድዷል። መዳፏን እንደ ካውያ ጫን አድርጋ አቃናችው፤ እንደገናም አቃናችው።

ወንድሟ ሄዷል። ቤት የቀረችው እሷ ናት።