የእትዬ ምንታምር ቀይ ፔርሙዝ

ወንበሯን የነጠቃት ሰው ቢሆን ኖሮ ናኢማ ሞያሌ ገበያ መሐል ጠብቃ ልክ ልኩን ትነግረው ነበር። የነጠቃት ግን ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ ገበያ አይወጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ በጎልቻ የጭነት ትራንዚት ቢሮ ተቀምጣ ለሾፌሮች ቤተሰብ ስትደውል ኖራለች፤ «ደርሷል»፣ «ዘግይቷል»፣ «ነገ ይመለሳል» እያለች። ከሁለት ወር በፊት ጎልቻ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን አስገባና «ናኢማ፣ ፖሌ ሳና፣ በጣም አዝናለሁ፤ እሱ አይታመምም፣ ሻይ ልጠጣ ብሎም አይወጣም» ብሎ አሰናበታት። ወንበሩ አሁንም እዚያው ባዶውን ተቀምጧል። ናኢማ የምትፈልገው ያንኑ ወንበር ነው፤ ሌላ ምንም።

ስለዚህ የወጣቶች ማሠልጠኛው «ማሽን የማይችለውን የሰው ሙያ እናስተምራለን» ብሎ ሲለጥፍ ቀድማ ተመዘገበች። ከናይሮቢ ይመጣል የተባለው አስተማሪ የመንገዱን ርዝመት ሰምቶ ቀረ። በምትኩ የከባድ መኪና መቆሚያው አጠገብ ሆቴል ያላቸውን እትዬ ምንታምርን አመጡ። ሠላሳ ዓመት ሾፌር ያበሉ ሴት ናቸው፤ ሰርተፍኬት ግን የላቸውም።

በመጀመሪያው ቀን የተሰጣቸውን መጽሐፍ ገለጡና «የምታናግረውን ሰው ዓይን ዓይኑን እይ» የሚለውን ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ናኢማ፣ የአባትሽን ታላቅ ወንድም ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ ብታናግሪያቸው ምን ይሉሻል?»

«ባለጌ ነው የሚሉኝ፣ ወላሂ!»

መጽሐፉ በዚያው ተዘጋ። እስከ ዛሬም የክፍሉን በር ደግፎ ይዟል።

«በሉ ስሙኝ» አሉ። «ሾፌር ከመኪናው ሲወርድ ‹ምን ትበላለህ› ብላችሁ አትሩጡበት። በሩን እንዴት እንደዘጋው ስሙ። ከሚስቱ የተጣላም፣ ፖሊስ ያስቸገረውም፣ ራብ ብቻ የያዘውም አዘጋጉ ለየቅል ነው። አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ያ ሰው ምን ሊሰማ እንደተዘጋጀ እወቁ።» ትምህርታቸው ይኸው ነው። የቀረውን ጊዜ የሚጨርሱት ሰው በማማት ነበር፤ በተለይ አብዮት የሚባለውን የዲላ ሾፌር። «መንገድ ላይ ሻይ ልያዝ» ብሎ ቀዩን ፔርሙዛቸውን ይዞባቸው ሄዷል።

ሐሙስ ጠዋት ጎልቻ ላብ በላብ ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ገባ።

«ማማ ምንታምር፣ ጉድ ሆኛለሁ! ዲላ ላይ ድንኳን ተተክሏል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአብዮት መኪና ኬንያ ውስጥ ከማርሳቢት ወዲህ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሜዳ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ቆመ። ማሽኑ በሳተላይት መኪናው መቆሙን አየና ጎህ ሲቀድ ለሚስቱ ለሮዳስ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ የባሏን ስም ከነአባቱ ጠርቶ «ስለ እሳቸው የምንነግርዎ አለን» አላት። በእነሮዳስ ሰፈር ደግሞ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሁሉን ያውቃል የሚባለው ማሽን ይህን የነገረው አልነበረም። ሮዳስ ቀሪውን አልሰማችም፤ ስልኩን ወርውራ ኡኡ አለች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ።

«ታዲያ አንተ ደውለህ አትነግራትም?» አሉ እትዬ ምንታምር።

«ደወልኩ እንጂ! ‹ደኅና ነው፣ ጎማ ብቻ ነው፣ አይዞሽ› አልኳት። ለቅሶው እጥፍ ሆነ!»

«ይሆናላ! ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚባለው ይኸው አይደል? ‹ትንሽ አሞት ነው፣ አይዞሽ።› አንተማ አረጋገጥክላት።»

«ግን ሰውየው ደኅና ነው! አሁን የመጣው ሾፌር አይቶታል። በመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጦ ከቀይ ፔርሙዝ ሻይ ይጠጣል።»

«ከቀይ ፔርሙዝ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «የኔ ነው! ሌባ!»

ክፍሉ ሳቀ። ናኢማ ግን አልሳቀችም። ያ ቤት ለመርዶ ተዘጋጅቷል፤ በለሰለሰ ድምፅ የመጣ ሁሉ መርዶ ነጋሪ ነው። ታዲያ መርዶ ነጋሪ ፈጽሞ የማይናገረው ምንድን ነው? የእትዬ ምንታምርን በቁጣ የቀላ ፊት አየችና ወደ ጎልቻ ዞረች።

«ቦስ፣ ስልኩን ስጠኝ።»

ጎልቻ ደውሎ ድምፁን ከፍ አደረገላት። ለቅሶው ክፍሉን ሞላው። ናኢማ አማርኛዋን የለመደችው ከሾፌር ጋር ስትጨቃጨቅ ነው፤ እንደዚያው አድርጋ ጮኸች።

«የአብዮት ቤት ነው? ሚስቱን አገናኙኝ! አንቺ ነሽ? ስሚ፣ ባልሽ ሌባ ነው!»

ጎልቻ ራሱን ያዘ። በስልኩ ውስጥ ለቅሶው ተቋረጠ።

«ምን... ምን አልሽ?»

«የእትዬ ምንታምርን ቀይ ፔርሙዝ ይዞ ሄዷል! ይኸው ዛሬ ጎማው ፈንድቶ፣ በሰው ዕቃ ሻይ እየጠጣ ጥላ ሥር ተንጋሏል! እኛ በምን እንጠጣ? እንዲህ ብለሽ ነው የላክሽው?»

በየትኛውም አገር ለሐዘንተኛ ደውሎ የሟች ባሏን ስም የሚያጠፋ የለም። ሮዳስም ይህን ታውቃለች። ትንፋሿ ሲመለስ ተሰማ።

«ደግሞ የሰው ፔርሙዝ?» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ድምፅዋ ፈነዳ። «ወይኔ ጉዴ! ቤቴ ውስጥ ሰባት የሰው ፔርሙዝ አለ እኮ! ድንኳኑን አውርዱ! አልሞተም፣ ሌባ ነው! ሌባ ነው እልልል!»

ዲላ እልል አለች፣ ሞያሌም እልል አለች። ናኢማ እየሳቀች እንባዋ ወረደ፤ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ደኅና ነው። ኔትወርክ ሲያገኝ ራሱ ይደውልልሻል» አለቻት። አሁን ይህንኑ ቃል አመነቻት።

ጎልቻ ላቡን ጠረገ። «ወንበርሽ አቧራ ይዟል» አለ። «ላስጠርገው?»

«ማሽኑስ?»

«መኪናው የት እንደቆመ ለአንቺ ይንገርሽ። ለሰው አንቺ ንገሪ።»

«ሻይ ልጠጣ ብዬ እወጣለሁ።»

«ሳዋ፣ ሳዋ! እሺ፣ ውጪ!»

በሳምንቱ ከዲላ አንድ ካርቶን መጣ፤ ውስጡ ሰባት ፔርሙዝ። የናኢማ የመጀመሪያ ሥራ በመንገዱ እስከ ኢሲዮሎ ላሉ ባለሆቴሎች እየደወለች ዕቃቸውን ማስመለስ ሆነ። ቀዩ ግን አሁንም ከአብዮት ጋር መንገድ ላይ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ እንዲያው ለሰላምታ ብላ ሮዳስ ጋ ደወለች። «እንደምን አደርሽ ሮዳስ? ቤተሰብ ሰላም ነው? ልጆቹ ደኅና ናቸው?»

«ምን ሆነ?» ሮዳስ አቋረጠቻት። «ናኢማ፣ አብዮት ምን ሆነ?»

«ኧረ ምንም! ፔርሙዙን እስካሁን አልመለሰም፣ ይሄ ሌባ!»

«ተመስገን!» አለች ሮዳስ።