የበርቲ ኢንሹራንስ

ጂሊያን ሃርገር የቤት እንስሳት ኢንሹራንስ በሚሸጥ ኩባንያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች። የእንግሊዟ የወደብ ከተማ የግሪምስቢ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ከአምሳ ትንሽ አለፍ ብሏል። ውሻው ሲታመም፣ ድመቷ በመኪና ስትገጭ ባለቤቶቹ ወረቀት ይልካሉ፤ ወረቀቱን አንብባ "ይከፈል" ወይም "አይከፈል" የምትለው እሷ ነች።

እናቷ ዊኒፍሬድ ዳውስ ደግሞ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ቢላ ይዛ ስትቆም የኖረች፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት ናት። ጡረታ ወጥታ ቢላውን ካስቀመጠች ቆየች፤ አፏን ግን አላስቀመጠችም። የጂሊያን ባል ጥሎ የሄደ ጊዜ፣ ልጅቷ እያለቀሰች ብትመጣባት "እኔም ብሆን ጥዬሽ እሄድ ነበር" ብላ ሻይ ቀዳችላት። ዊኒፍሬድ በዚህ ዓለም ላይ የምትሳሳለት አንድ ነገር ቢኖር በርቲ ነው፤ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ቡናማና ነጭ ስፓኒዬል ውሻ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ዊኒፍሬድ ከጥብሱ ደህና ደህናውን እየቆረጠች ከጠረጴዛው ሥር ለውሻው ስትሰጥ ቆየችና ቀና አለች።

"ያ የቢሮሽ ሥራ እስቲ ለአንድ ነገር ይጥቀም። ለበርቲ ኢንሹራንስ ፈልጊለት። ርካሽ ይሁን፤ ግን ሲያስፈልግ የማይከዳ።"

"ሁለቱ አብረው አይገኙም፣ እማ።"

"ለአንቺ መች ምን ተገኝቶልሽ ያውቃል።"

ጂሊያን ሥራውን ግን ከልቧ ሠራችው። ሦስት ቀን ሙሉ ከቢሮ ስትመለስ የየኩባንያውን ውል ዘርግታ ደቃቃውን ጽሑፍ አንድም ሳታስቀር አነበበች። ርካሾቹ ለአንድ በሽታ አሥራ ሁለት ወር ከፍለው ከዚያ በኋላ ያንን በሽታ አናውቀውም ይላሉ። ውሻ ደግሞ ሲያረጅ የሚይዘው አብሮት የሚኖር በሽታ ነው። በመጨረሻ የሌላ ኩባንያ ውል መረጠች፤ በየዓመቱ እስከታደሰ ድረስ ዕድሜ ልክ የሚያሳክም፣ በወር ሠላሳ ስምንት ፓውንድ።

"የእናንተው ኩባንያ እያለ?" አለች ዊኒፍሬድ። "በራሪ ወረቀቱ በቤቴ በር ሥር ገብቶልኛል። አሥራ ስድስት ፓውንድ ነው የሚለው፤ የውሻ ሳህን ይመርቃል።"

"የእኛው ርካሹ የሚጠቅመው ላልታመመ ውሻ ነው። አትንኪው።"

"ለሰው ስትሸጡት ጥሩ ነው፤ ለእናትሽ ሲሆን አይረባም። ወይስ እዚያ ስሜ እንዳይጠራ ነው?"

"እማ፣ ዝም ብለሽ እዚህ ጋ ፈርሚ።"

ፈረመች። በልቧ ግን አላመነቻትም። የካቲት ላይ በርቲ ውሃ ማብዛት ጀመረ፤ ጎኑም ከሳ። እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰደችው። ሐኪሙ የደም ምርመራ ይደረግለት ቢላት "እናያለን" ብላ ይዛው ወጣች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጂሊያን የመረጠችላትን ውል በስልክ አፈረሰችና ወደ ልጇ ኩባንያ ገባች። ውሻው ታሞ ያውቃል ወይ ብለው ሲጠይቋት "አንድም ቀን" አለች። ሳህኑ በፖስታ ደረሰላት። ለጂሊያን ምንም አልነገረቻትም።

ግንቦት ላይ በርቲ ኩሽና ውስጥ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ስኳር በሽታ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ እየተወጋ ዓመታት ሊኖር ይችላል ተባለ።

የካሳው ጥያቄ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጂሊያን ኮምፒውተር ላይ መጣ። "በርቲ፣ ስፓኒዬል፣ ዘጠኝ ዓመት። ባለቤት ደብልዩ ዳውስ።" አድራሻውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባት፤ ሲገባት ፊቷ ጋለ። እነዚያ ሦስት ቀናት ትዝ አሏት።

የዘመድ ጉዳይ የደረሰው ሠራተኛ ለአለቃው ነግሮ ማስረከብ አለበት፤ ደንቡ ነው። አለቃዋ ኮሊን አራት ጠረጴዛ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቷት የተጠበሰ ድንች ከላስቲክ እያወጣ ይበላል። ልትጠራው ትችል ነበር። ደግሞም የየካቲቱ የሐኪም ማስታወሻ አንዲት መስመር ብቻ ነች፦ ውሃ ያበዛል፣ ክብደት ቀንሷል። ምርመራ አልተደረገ፣ በሽታው በስሙ አልተጠራ። እንዲህ ያለው አጠራጣሪ ጉዳይ ወደ ኮሊን ይመራል። ኮሊንም የውሻው ባለቤት አሮጊት ከሆነች ከሦስት ጉዳይ አንዱን "ክፈሉ" ማለቱ አይቀርም። ጂሊያን ይህንን ከማንም በላይ ታውቃለች።

"አይከፈል" የሚለውን ተጫነች። ምክንያት፦ ከውሉ በፊት የነበረና ያልተገለጸ ሕመም። ከዚያ ቀጣዩን ፋይል ከፈተች፤ የሚያስነጥሰው ጥንቸል ነበር።

አርብ ዕለት ስልኩ ጮኸ። የማን እንደሆነ ኮምፒውተሩ ያሳያል።

"ጂሊያን ነኝ፤ ምን ልርዳዎት?"

ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ከዚያ፦ "አንቺ ነሽ?"

"ወይዘሮ ዳውስ፣ ይህ ስልክ እየተቀዳ መሆኑን ላሳውቅዎት እወዳለሁ።"

እናቷ ዝም አለች።

"ስለ ውሻዬ ነው" አለች በመጨረሻ፤ ድምጿ ወርዷል። "በርቲ ይባላል።"

"ጥያቄዎ ተመርምሮ ውድቅ ሆኗል። የካቲት አሥራ ሰባት ቀን ሐኪም ያየውን ምልክት ውሉን ሲገቡ አልገለጹም።"

"ውሃ መጠጣት በሽታ ነው እንዴ፣ ልጄ?"

"ለጥያቄያችን 'ታሞ አያውቅም' ብለዋል።"

"ብያለሁ። ዋሽቻለሁ። የቀድሞውን ውል ያፈረስኩት እኔው ነኝ፤ ሳህን አማረኝ። ሞኝ ነኝ። እሱ ግን ምን አጠፋ?"

"አዝናለሁ፣ ወይዘሮ ዳውስ።"

"እናንተ ጋ የመጣሁት እዚያ ሰው አለኝ ብዬ ነው። ክፉ ቀን ቢመጣ የሚያይልኝ ሰው አለ ብዬ። እባክሽ ልጄ።"

እናቷ "እባክሽ" ስትል ጂሊያን በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ቃሉ ጣፈጣት። እውነቱ ይህ ነው፤ ጣፈጣት፤ ትንሽ እንዲቆይላትም ፈለገች።

"ውሳኔው የመጨረሻ ነው" አለች። "ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?"

"የለም" አለች ዊኒፍሬድ።

በዚያው ምሽት ጂሊያን መርፌውን ራሷ እንደምትገዛ ወሰነች። ብቻ መጀመሪያ እናቷ በአካል ትጠይቃት። እሑድ ስትሄድ ቤቱ የጥብስ ሽታ የለውም። የውሻው መኝታ የነበረበት የኩሽና ወለል ተወልውሎ ያበራል።

"የታለ?"

"ትናንት ሐኪሙ ጋ ላይነቃ አስተኛነው" አለች ዊኒፍሬድ፤ ከመስኮቱ ፊቷን አላዞረችም። "እስከ መጨረሻው ይዤው ነበር። የስኳሩ መርፌ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው ብዬ ብነግረው ሐኪሙ ከልጅሽ ጋ ተማከሪ አለኝ። ተማክሬያለሁ አልኩት።"

"እማ፣ እኔ እኮ እከፍልልሽ ነበር። ብትነግሪኝ ኖሮ…"

"ነገርኩሽ። ተቀድቷል እኮ።"

ጂሊያን ኮቷን ሳታወልቅ ወጣች።

በሐምሌ ኮሊን ወደ ጠረጴዛዋ ፈገግ እያለ መጣ። የተቀዱ ስልኮች ሲያዳምጥ አንድ ግሩም አግኝቷል፤ ለአዲስ ገቢዎች ማስተማሪያ ይሆናል። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ብታብራራላቸው ደስ ይለዋል። እምቢ የምትልበት ምክንያት አጣች።

ስድስት ወጣቶች ደብተር ይዘው ተቀመጡ። የዊኒፍሬድ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ኮሊን መሃል ላይ እያስቆመ "ጂሊያንን አያችሁ? ድምጿን አላነሳች፣ አልተጨቃጨቀች፣ ከውሉ ቃል ፍንክች አላለች" ይላል።

አንዷ ልጅ እጇን አወጣች። "ሴትየዋ 'አንቺ ነሽ' አሉ። 'ልጄ' እያሉም ይጠሯታል። ይተዋወቃሉ እንዴ?"

"እዚህ አገር አሮጊት ሁሉንም ልጄ ነው የሚለው" አለ ኮሊን፤ ሳቁ። ወደ ጂሊያን ዞረ። "አይደል?"

"አዎ" አለች ጂሊያን።

እንደገና አስጀመረው። ያኔ ነው ያስተዋለችው። እናቷ "እናትሽ ነኝ" ብትል በቂ ነበር፤ ጂሊያን በዚያው ቀን ከሥራ ትባረር ነበር፤ ፋይሉም ወደ ኮሊን ሄዶ ምናልባት ይከፈል ነበር። ዊኒፍሬድ ይህንን አሳምራ ታውቃለች። ስልኩ ይቀዳል ከተባለችበት ሰዓት ጀምሮ ያን ቃል ከአፏ ሳታወጣ፣ ዙሪያውን እየዞረች ነው የለመነችው።

ኮሊን ድምፁን ከፍ አደረገው። ልጆቹ ይጽፋሉ።